መከላከል ላይ ናት

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፴ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የኔታ መሪጌታ ገብረኪዳን፣ ከጉና ሥር።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፤ የጉና ሰው ፊት ደግሞ ስለ ብርድ አፍ ሞልቶ አይወራም። በእናንተ በኩል ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የተማሪዎቹ ወላጆች ድምፅ ሁሉ ናፍቆኛል። በሞላ፣ በሚኒባሱ ሹፌር እጅ የላኩት ወረቀት ሲደርሰኝ እንደ ሕፃን ዘልዬ ነው የተቀበልኩት።

የኔታ፣ የእህትዎ ልጅ ማሬ የገባችው ቅርጫ አይደለም፤ ቅርጫት ነው። አባቷ አቶ ጌጡ «ልጄ ትምህርቷን ትታ የበሬ ሥጋ ትመድባለች» ብለው እንቅልፍ ማጣታቸውን ሳነብ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አምስት ሴቶች በዚህ፣ አምስት በዚያ ይሆናሉ፤ ከፍ ብሎ ቂጥ የሌለው ቅርጫት ይሰቀላል፤ ኳሱን እዚያ ደጋግሞ የከተተ ያሸንፋል። ቂጥ በሌለው ነገር ምን ይከተትበታል የሚሉኝ ከሆነ፣ እናቴም እብናት ላይ እድሜ ልኳን የጠየቀችኝ ይኼንኑ ነው፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ስለ እኔም ጠይቀውኛል። የሴቶቹ አሰልጣኝ ነኝ። ቀድሞ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ስጫወት ኖሬ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ወደ አገሬ ተመለስኩና የዩኒቨርሲቲውን ሴቶች ያዝኩ። ስጀምር ሜዳው የድንጋይ መከመሪያ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ሆነን ነው የለቀምነው። ስንት ልጅ አለሽ ሲሉኝ «ብዙ፣ ሁሉም ረጃጅም» እላለሁ። ዘንድሮ ግን ከክረምት የተመለሱልኝ አምስት ብቻ ናቸው። ተቀያሪ የለኝም፤ አንዷ ከጎደለች ቡድን የሚባል ነገር የለም። በጥር መጨረሻ ደቡብ ወርደን ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር እንወዳደራለን። በሥራ ዘመኔ ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ ካልሆነልን ቡድኑን እንደሚዘጉት ነግረውኛል። ከአምስቱ ደግሞ እንደ ማሬ ያለች የለችም።

ለአቶ ጌጡ ይህችን ያንብቡልኝ፦ «ማሬ ደህና ናት። ሥልጠናዋን በሚገባ ጨርሳ መከላከል ላይ ተመድባለች። ወኔዋ ለጉድ ነው፤ እሷ ባለችበት ሰብሮ የሚገባ የለም። ይኩሩባት።»

አሰልጣኝ ጥሩወርቅ እሸቴ

—

ከጉና፣ ኅዳር ፲፰ ቀን፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለልጄ ለጥሩወርቅ፤ ሰላም ለኪ።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ የቅዱስ ሚካኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጌጡም ደህና ነው። እህቴ ፈንታነሽም ደህና ናት። በጎቹም ደህና ናቸው። ደህናውን ማብዛቴን አይተሽ ሳትጠረጥሪ አትቀሪም።

ደብዳቤሽ የደረሰው በኅዳር ሚካኤል ነው። እኔ ለዓመቱ በዓል ተጠርቼ ሌላ ደብር ማኅሌት ቆሜ ነበር። ጌጡ ደግሞ የልጁ ወረቀት መጥቶ እኔ እስክመለስ የሚጠብቅ አንጀት የለውም። ይዞት ወደ ሚካኤል ማኅበር ሄደ። ጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ሰው ሁሉ እየሰማለት በኩራት አስነበበው። ያነበበው ታደሰ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ የተመለሰው ጎረቤታችን። የፊቱን ዘሎ «ለአቶ ጌጡ ይህችን ያንብቡልኝ» ከሚለው ጀመረ።

ታደሰ «መከላከል» የሚለውን «መከላከያ» ብሎ አነበበው ወይስ ሰዉ ነው እንደዚያ የሰማው፣ አላውቅም፤ አሁን ልዩነቱ ምንም አይፈይድ። ሥልጠና ጨርሳለች፤ ተመድባለች፤ ሰብሮ የሚገባ የለም። እስቲ አንቺው ተቀመጪና በእኛ ጆሮ አንብቢው! ዋንጫውን እንዳጋመሰ የወጣም አለ።

ልጁ ወታደር ቤት ገባ የተባለ ሰው ዘንድሮ እዚህ በምን ዓይን እንደሚታይ አልጽፍልሽም። ወረቀት መንገድ ላይ ይከፈታል። እኔ ስመለስ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ነገሩ ገባኝ፤ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አልኩ። ለማኅበርተኛው ባስረዳ «አጎቷ ነህ፣ ምን ልትል ኖሯል» አሉኝ። ጌጡ ራሱ፣ ምስኪን፣ ግማሹን አምኗል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ምን ላድርገው?

ማሬ ለገና እንዳትመጣ። አንቺም ከእንግዲህ በጆሮ የሚሰማ ነገር አትላኪልን። በዓይን የሚታይ ነገር ካለሽ ላኪ።

መሪጌታ ገብረኪዳን

—

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ መሪጌታ ገብረኪዳን።

ምነው እጄን በቆረጠው! የኔታ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። የአቶ ጌጡንም ጉልበት ስመውልኝ።

ወረቀትዎን ካነበብኩ ወዲህ ሜዳ ላይ አፌን መክፈት ፈርቻለሁ። እኛ የምንናገረው ሁሉ እኮ የጦር ቃል ነው። «አጥቂ! ሰብረሽ ግቢ! ክበቧት! አታስመልጫት!» እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ትናንት አንዷን «ተከላከዪ» ልላት አልኩና በእጄ ብቻ አመለከትኳት። ልጆቹ «እትዬ፣ አመመሽ ወይ?» አሉኝ።

ማኅተም ያለው ወረቀት ልላክ ብዬ ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ነበር። «ይህች ልጅ ወታደር አይደለችም ብሎ ማኅተም የሚያደርግ መሥሪያ ቤት የት አይተሻል? እኔ ራሴ ባየው እጠረጥራለሁ» አለኝ። ተናድጄ በሩን በኃይል ዘግቼበት ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ደግሞስ መንገድ ላይ ቢገኝበት ሞላን ምን ይሉታል?

በዓይን የሚታይ ላኪ ስላሉኝ ፎቶግራፏን ልኬያለሁ። ማሊያዋን ለብሳ፣ ኳሷን ይዛ፣ ጥርሷ እስኪታይ ስቃ ነው። ይህን አይቶ ወታደር ናት የሚል ካለ ዓይኑን ይታከም።

ለማሬ ምንም አልነገርኳትም። ገናን እዚህ የምትውዪው ልምምድ ስላለ ነው ብያታለሁ። ስዋሻት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ጥሩወርቅ

—

ከጉና፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለልጄ ለጥሩወርቅ።

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? ቅቤ እሺበት፤ ከብርድ ሰውሪው።

ፎቶግራፉ ደርሶናል። ልጄ፣ ልብሱ አረንጓዴ ነው። ደረቷ ላይም ቁጥር አለ። ኳሷን ሳያዩ ቁጥሩን አዩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን ወርቁ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና «ቁጥር የሚሰጠው ለማን ነው?» አለ። ኳሷንማ ታደሰ ምን ናት ብሎ እንደጠረጠራት አልጽፍልሽም፤ በሌላ ዘመን ቢሆን አንድ ሳምንት እንስቅበት ነበር።

ይኸውልሽ፣ የሚካኤል ማኅበር በየቤቱ ይዞራል። ባለተራው ጽዋውን ተረክቦ ለወሩ ይደግሳል። ትናንት ወዲያ ተራው የጌጡ ነበር። እህቴ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ጋኗን አጥና ጨርሳለች። ጌጡ ነጠላውን አደግድጎ ሊቀበል ቆመ። ወርቁ ጽዋውን እንደያዘ ፊቱን ሳያይ አልፎት ከጎኑ ላለው ሰጠው። ጌጡ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሰው ሲሞት እንጂ ጽዋ ሰውን ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

ለገብሱ አጨዳም ወንፈል የመጣለት የለም። እኔና እሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እንሞክራለን።

አሁን ጌጡ «ልጄን አምጡልኝ፣ መጥተው በዓይናቸው ይዩዋት» ይላል። እኔ አትምጣ ብዬሽ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ፈንታነሽ ግን ወደ ጓሮ ጠርታ «ለአሰልጣኟ ጻፍላት፤ ከመጣች አትመለስም፣ ወንዶቹን አውቃቸዋለሁ» ብላኛለች። ከእሷ የመጣ መሆኑን ለማንም እንዳትናገሪ።

መሪጌታ ገብረኪዳን

—

ደብረ ታቦር፣ ጥር ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ማሬ ሄዳለች። ደረሰች ወይ?

የነገራት ሞላ ነው። አፉ አያርፍም፤ በገና ማግስት መናኸሪያ አግኝቷት የጽዋውን ነገር ዘረገፈው። በቀጥታ ወደ ሜዳ መጣች። ለምን ደበቅሽኝ ብላ ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ ማሊያዋን አጣጥፋ በእጄ ሰጠችኝ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እስከ ውድድሩ ታገሺኝ፣ ከዚያ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ» ብዬ ለመንኳት። ትልቅ ሴትዮ፣ አሰልጣኝ፣ ልጅ ፊት አለቀስኩ። ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? «እትዬ ጥሩዬ፣ አባቴን ጽዋ አልፎት እኔ እዚህ ኳስ ላሳልፍ?»

ስንቱን ስመክር፣ ስንቱን ስቆጣ የኖርኩ ሴት ጓዟን ስታስር አገዝኳት።

አንዷን ኳስ ሰጠኋት። «ይዘሽ ተመለሺ፣ የመንግሥት ንብረት ናት» አልኳት፤ ልቀልድ ብዬ ነው። እሷም «እመልሳታለሁ» አለች። አብሬያት ልሳፈር ነበር፤ የቀሩትን አራቱን ማን ላይ ልጣላቸው? ሞላ እስከ ክምር ድንጋይ አደርሳታለሁ፣ ከዚያ ከገበያተኞች ጋር ትወጣለች አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሞላም አልታየም፤ መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ይህንን ወረቀት በእግሩ ለሚወጣ ገበያተኛ ሰጥቼዋለሁ።

እባክዎ የኔታ፣ ደርሳለች ብቻ ይበሉኝ። ሌላውን ቢፈልጉ አይጻፉት።

ጥሩወርቅ

—

ከጉና፣ ጥር ፲፬ ቀን፣ በዘመነ ማቴዎስ

ደርሳለች።

ከሰላምታዬ ያስቀደምኩት ይህን ነው፤ አሁን እንደምን ሰንብተሻል?

በእግሯ ነው የገባችው፤ ኳሷን በነጠላ አዝላ። እናቷ ከሩቅ አይታ ልጅ ያዘለች መስሏት ክው አለች! ሳቂ፣ እኛም ኋላ ስቀናል።

ጥር ሚካኤል፣ ቃና ዘገሊላ ዕለት ነው የሆነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰዉ ሜዳው ላይ እንዳለ ነው። ፈንታነሽ ትልቁን እንቅቧን፣ ለእናታችን ገብስ ስንሰፍርበት ያደግነውን፣ አወጣችና ቂጡን በቢላዋ ዙሪያውን ቆርጣ ጣለችው። ሴቶቹ «አበደች!» አሉ። ጌጡ ተቀብሏት በዚያ ዕድሜው ጥዱ ላይ ወጥቶ አሰረው። ማሬ ከሥሩ ቆመችና «በሉ አባቶቼ፣ ኳሱን ይዛችሁ እኔን አልፋችሁ ክተቱ። መከላከል ማለት ይኼ ነው፤ እኔ የምሠራው ይኼንን ነው» አለች።

መጀመሪያ ታደሰ ገባ። እንዴት እንደሆነ ሳይገባው ኳሱ እሷ እጅ፣ እሱ አፈር ላይ ተገኘ። ጎረምሶቹ ተራ በተራ ሞከሩ፤ ማን ያልፋታል! ዞር ሲሉ ቀድማቸው ትጠብቃለች። ወርቁ ራሱ፣ ሙሴው፣ ኩታውን ለሰው አስይዞ ገባ። ኳሱን ከእጁ ወሰደችና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ መለሰችለት። እኔም መቋሚያዬን ጥዬ ገብቼልሻለሁ፤ ነገ የሚያሙኝ ይሙኝ። ሰዉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አንቺ ብታዪ ኖሮ! «አሰልጣኟ ማን ናት?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ ስምሽን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ወርቁ እያለከለከ «በድለንሃል፣ ይቅር በለን» ብሎ ጽዋውን አምጥቶ ለጌጡ ሰጠው። እዚህ ላይ ባቆም እንዴት በወደድኩ።

ጌጡ ጽዋውን እንደያዘ እንባው መጣ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከእንግዲህ ልጄን ከቀዬዬ ባወጣት ይህ ጽዋ ይፍረድብኝ!» ብሎ ማለ። ማንም ማል ያለው የለም። ወርቁ እንኳ ደንግጦ «ኧረ ተው ጌጡ» አለው። ደስታ ነው ያስማለው፤ እንደ እሱ ካዘነ በኋላ ደስ ያለው ሰው የሚናገረውን አያውቅም። ማኅበርተኛው ግን ከልማዱ «አሜን» አለ። ማሬ ከጥዱ ሥር ኳሷን እንዳቀፈች ቆማ ነበር።

ቄሱ ዘንድ ሄጃለሁ። «በጽዋ ፊት ለፊት የተማለውን እኔ አልፈታም» አሉኝ። ጌጡን ለመንኩት፤ እሱም አለቀሰ። ምሎ የተጸጸተ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ መሐላውን ሲያፈርስ ያየሁት ግን የለም። ልጄ፣ ይቅር በይን።

መሪጌታ ገብረኪዳን

—

ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ።

ስለ ደረሰች እግዚአብሔር ይመስገን። ለአቶ ጌጡ ጽዋው ስለ ተመለሰላቸውም ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። አልዋሽዎትም፣ ደብዳቤውን ግን መሬት ላይ ወርውሬው ነበር።

አራት ሆነን አይመዘግቡንም። አምስተኛ ፍለጋ መኝታ ቤት ለመኝታ ቤት ዞርኩ፤ ረጅም ያየኋትን ሁሉ እየለመንኩ። አንዷ እሺ ብላኝ በማግስቱ አባቷ አይሆንም አሉ፤ ምን እንደ ሰሙ እግዜር ይወቅ። ውድድሩ ያለ እኛ ተጀምሮ አልቋል። ቡድኑን እንዳሉት ዘጉት። አሁን የሴቶች መኝታ ቤት ቁልፍ አዳይ አድርገውኛል። ልጆቹ ቁልፍ ሊወስዱ ሲመጡ አሁንም «አሰልጣኝ» ይሉኛል፤ አትበሉኝ ብዬ ተቆጣሁ፣ ከዚያ ተጸጸትኩ።

ለማሬ ሽማግሌ መላኩን ከሞላ ነው የሰማሁት። ከርስዎ አለመስማቴ ከፋኝ።

መሐላውን እርስዎ ካልፈቱት፣ ቄሱ ካልፈቱት፣ እኔ ማን ሆኜ ልፍታው? አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ እንቅቡን ከጥዱ አታውርዱት። ጠዋት ጠዋት ትሞክርበት፤ እጇ እንዳይረሳ። መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ራሴ መጥቼ አቶ ጌጡ ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ እለምናለሁ። ኳሷም የመንግሥት ናት፣ ትመልሳለች፤ ይህንን ይንገሩልኝ።

እንቅቡ አሁንም እንደ ተሰቀለ ነው?

ጥሩወርቅ

—

ከጉና፣ የካቲት ፳ ቀን፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለልጄ ለጥሩወርቅ።

እንደምን ሰንብተሻል? እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። ብርዱ በረታብን። የገብሱ ነገር በመጨረሻ ተቃንቷል፤ ማኅበርተኛው በሙሉ ወንፈል ወጥቶ ባንድ ቀን አጨደው። ወርቁም ለጌጡ አንድ ጠቦት ሰጠው። ታደሰ ደግሞ ካየሽው አታውቂውም፤ ጎረምሶቹን ሰብስቦ «ተከላከሉ!» እያለ ሲያዘልላቸው ይውላል። ኳሷን እስካሁን ያዋሰቻቸው ማሬ ናት።

የሽማግሌውን ነገር ያልጻፍኩልሽ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የወርቁ የወንድም ልጅ ነው። እንድቃወም ጠብቀሽ ይሆናል። ተቃውሜያለሁ። ሰምተው፣ አክብረው፣ «የኔታ እውነትዎን ነው» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

መስከረም መጥተሽ እንደምትለምኚ ለማሬ ነገርኳት። ወረቀትሽንም በእጇ ሰጠኋት፤ ማንበብ የምትችል ልጅ እያለች እስከ ዛሬ የእሷን ነገር ሁሉ ለሌላ ሰው ስናነብ መኖራችን ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጥፋ መለሰችልኝና «ኳሷን በሞላ እልካለሁ፣ አደራ ናት በልልኝ» አለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል።

ስለ እንቅቡም ጠይቀሽኛል።

ለበልግ የሚዘራው ገብስ ሊሰፈር ጊዜው ደረሰና እህቴ መስፈሪያ አጣች። «ከጎረቤት እዋሳለሁ፣ እሱ ይቆይ» አለች ፈንታነሽ። ማሬ ናት ተነሥታ ጥዱ ላይ የወጣችው። አውርዳ አራገፈችው። ከዚያ ስንደዶና አክርማ ነክራ፣ የእናቷን ወስፌ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ይህን ስጽፍልሽ ከፊቴ ናት፤ ቂጡን እየሰፋችበት ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ እስከ ማታ ትጨርሰዋለች።

መሪጌታ ገብረኪዳን